ከአርዲቦ ዳር የታንኳ ነገር

ከደሴ ወደ ሰሜን ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የደረሰ መንገደኛ፣ ዓይኑ አስቀድሞ በታላቁ ሐይቅ ላይ ስለሚያርፍ፣ ከዚያ ከፍ ብሎ በተራሮች እቅፍ ውስጥ የተኛውን ታናሽ ወንድሙን አርዲቦን ሳያይ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን የታናሹ ትርፍ ውኃ ቁልቁል ወርዶ የሚገባው ወደዚያው ወደ ታላቁ ነው።

እንዲህ ባለ ውኃ ላይ መዝናናት ሲባል የባሕር ማዶ ሰው የሚያስበው ሸራዋን ነፋስ የሞላትን የእንጨት ጀልባ ሲሆን፣ በእኛ በደጋው ሐይቆች፣ ይልቁንም በጣና፣ ጥንታዊቱ መርከብ ከደንገል የምትታሰረው ታንኳ ናት። ሸራ የላትም። የደረቀው ደንገል በነዶ በነዶ ተጠፍሮ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና ይላል፤ ቀዛፊውም በረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ እየቀዘፈ ይነዳታል። ውኃ ስትጠጣ ስለምትከብድ፣ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተስባ ለፀሐይ ትሰጣለች። ተሳፋሪው ልብሱ ሳይርስ እወርዳለሁ ብሎ ተስፋ ባያደርግ ይሻለዋል።

ይህችን ደካማ መሳይ ዕቃ የናቀ ሰው ቢኖር፣ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊሻገርባት ያሠራት «ራ» ደንገሏ ከጣና የሄደ መሆኑን ይስማ፤ እርሷ ከመንገድ ብትቀርም፣ ሁለተኛይቱ «ራ» በማግሥቱ ዓመት ባርባዶስ ደርሳለች።

ወደ ታላቁ ሐይቅ ስንመለስ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ስለ ተያያዘ ወንድ ምእመን በእግሩ ይገባበታል።