ጭስ የሌለው ከሰል ጉዳት የለውም ማለት አይደለም

የምግብ ጉልበት በካሎሪ እንደሚለካ ሁሉ የማገዶም ይለካል። አንድ ኪሎ የደረቀ እንጨት ወደ 3,800፣ ከሰል ወደ 7,000፣ ነጭ ጋዝ ወደ 10,300፣ የሲሊንደር ጋዝ ደግሞ ወደ 11,000 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይሰጣል።

ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት የሚሸጠው የግራር ከሰል ከእንጨት የበለጠ ሙቀት የሚሰጠው ለምንድን ነው? እንጨቱ አፈር ተጭኖበት በትንሽ አየር ሲከስል ውሃውና ጭስ የሚሆነው ክፍሉ አስቀድሞ ይወጣል። የሚተርፈው በአብዛኛው ካርቦን ነው። ጭሱ የሚያንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አደጋው ግን እዚህ ላይ ነው። ካርቦን ሲነድ በቂ አየር ካላገኘ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ሰውነት ኦክስጅን ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይከተላሉ። ብዙ ሰው ጉንፋን መስሎት የራስ ምታት ኪኒን ውጦ ይተኛል። ኪኒኑ ሕመሙን ቢያስታግስ እንኳ ጋዙን ከደም አያወጣም።

ስለዚህ፦
• ከሰሉን ውጪ አቀጣጥሉ፤ ፍም ከሆነ በኋላም ጋዙ እንደማይቆም አትርሱ።
• በር ዘግታችሁ አትጠቀሙ፤ ከሰል ያለበትን ምድጃ መኝታ ቤት አታሳድሩ።
• ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፤ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ፤ ከሰል እንደነበረም ለሐኪሙ ንገሩ።