ስልክ፣ እንቅልፍና ኪሎ

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ቤት ተከራይታችሁ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ልጆች፣ «ስልክ ያወፍራል ወይ?» ትሉኛላችሁ። ስልኩ ራሱ አያወፍርም፤ የሚያወፍረው አብሮት የሚመጣው ነው። ስክሪን እያየ የሚበላ ሰው መጥገቡን ቶሎ አያስተውልም፣ ስለዚህ ይጨምራል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እንቅልፍ ነው። ሌሊቱ በቲክቶክ ሲያጥር፣ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ሊጨምር፣ ጥጋብን የሚነግረን ሌፕቲን ሊቀንስ ይችላል። በማግስቱ የሚያምራችሁ ጣፋጭና ቅባት የበዛበት ነገር ነው።

ነገሩ በእኛ አገር ሌላም ገጽታ አለው፤ ስልክ ላይ አንግተው ቁርስ በእንቅልፍ እያለፋቸው የሚከሱም አሉ። ራሳችሁን ለኩ። ኪሎአችሁን በሜትር ለተለካ ቁመታችሁ ሁለት ጊዜ አካፍሉት፦ 60 ኪሎ የሚመዝን ባለ 1.70 ሜትር ሰው 20.8 ይመጣለታል። ከ18.5 በታች ክሳት ነው፤ 25ና ከዚያ በላይ ከመጠን ያለፈ ክብደት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው እንቅስቃሴ ይመክራል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ በሳይክልም በእግርም የጣናን ዳር ያዙ። ዛሬ ማታ ደግሞ ስልካችሁን ከአልጋችሁ አርቃችሁ ቻርጅ አድርጉ።