የድምፅ ጌትዌይና የኔትወርክ በሮቹ

የድምፅ ጌትዌይ መደበኛ ስልክን ከኮምፒውተር ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሣጥን ነው። ከኋላው ሁለት ዓይነት የስልክ ቀዳዳ አለው። ኤፍኤክስኤስ የሚባለው ለቀፎ ኃይልና ደወል ይሰጣል፤ ኤፍኤክስኦ ደግሞ ከቴሌ የመጣውን መስመር ይቀበላል። መልካቸው አንድ ስለሆነ ማምታታት ቀላል ነው። የቴሌ መስመር ኤፍኤክስኤስ ላይ ከተሰካ ሁለት ኃይል ሰጪዎች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ሣጥኑም ሊቃጠል ይችላል። ከእነዚህ አጠገብ ወደ ራውተር የሚሄደው ዋን እና ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው ላን የሚባሉት የኔትወርክ በሮች ይገኛሉ።

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ፎቅ ላይ ያለ ክሊኒክ ለምሳሌ ይወሰድ። በ011 የሚጀምር አንድ መስመርና ካርድ ክፍል የተቀመጠ የቆየ ቀፎ አለው፤ ላቦራቶሪውና የሐኪሞቹ ክፍል ግን በኔትወርክ ስልክ ይጠቀማሉ። ጌትዌዩ የሚገባው በእነዚህ መካከል ነው።

ሥራው የሚጀምረው ላፕቶፕን ላን ላይ ሰክቶ በሣጥኑ ተለጣፊ ላይ የተጻፈውን አድራሻ በብራውዘር በመክፈት ነው። ከሁሉ በፊት የፋብሪካው የይለፍ ቃል ይቀየራል።

ቀጥሎ ዋን አድራሻ ይሰጠዋል። አድራሻውን ከራውተሩ በራሱ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል፤ ለድምፅ ግን ቋሚ አድራሻ ይሻላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ሌላ ቁጥር ከሰጠው፣ በአሮጌው ቁጥር የሚፈልጉት ስልኮች ሁሉ ያጡታል። ራውተሩ 192.168.10.1 ከሆነ ጌትዌዩ 192.168.10.5 ሊባል ይችላል። 255.255.255.0 የተባለው ማስክ ሦስቱ የፊት ቁጥሮች እንደ ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የመጨረሻው እንደ ቤት ቁጥር መሆናቸውን ይነግረዋል። ይህ የቤት ቁጥር ራውተሩ ለሌሎች ከሚያድለው ክልል ውጭ መሆን አለበት፤ አለዚያ አንድ ቀን የአንድ እንግዳ ሞባይል ያንኑ ቁጥር ይወስድና ስልኩ እየመጣ ይጠፋል።

ላን በብሪጅ፣ ማለትም አድራሻ ሳይለውጥ በማሳለፍ፣ ወይም በራውተር ሁኔታ ይሠራል። ክሊኒኩ ራውተር ካለው ብሪጅ መምረጥ ተገቢ ነው። ሣጥኑም ራውተር ከሆነ አድራሻ በመንገድ ላይ ይለወጣል፤ ከዚያም በጣም የሚያደክመው ብልሽት ይከተላል፦ ላቦራቶሪው ይጠራል፣ ይነሳል፣ አንዱ ሲሰማ ሌላው አይሰማም። ምክንያቱ ጥሪውን የሚያገናኘው ሲፕ ብዙውን ጊዜ በፖርት 5060 ሲያልፍ፣ ድምፁ በአርቲፒ ሌላ መንገድ መሄዱ ነው። ደወሉ ደርሶ ድምፁ መንገድ ላይ ይቀራል።

ድምፅ እንደ ኢሜይል ቆይቶ ቢደርስ ዋጋ የለውም። በጂ 711 አሠራር ንግግር በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ተቆርጦ በሰከንድ 50 ጥቅል ይላካል፤ አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ያህል ይወስዳል። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ሲያወርድ ጥቅሎቹ ወረፋ ይይዛሉ፣ ንግግሩም ይቆራረጣል። ስለዚህ ድምፅ በቪላን ከሌላው ትራፊክ ተለይቶ ቅድሚያ ይሰጠዋል። የቪላኑ ቁጥር በሣጥኑና መሣሪያዎቹን በሚያገናኘው ስዊች ላይ አንድ ካልሆነ ግን አስተካካዩ ራሱ ወደ ሣጥኑ መግባት ያቅተዋል፤ ስዊቹን አስቀድሞ ማዘጋጀት ከዚህ ያድናል።

ሣጥኑ የሚሠራበት ወሰንም አለ። በአዋጅ ቁጥር 761/2004 መሠረት ዓለም አቀፍ ጥሪን ከኦፕሬተሩ መሠረተ ልማት ውጭ ማሳለፍ በወንጀል ያስጠይቃል።

በመጨረሻ ቅንብሩ ይቀመጣል፣ ቅጂውም በሌላ ቦታ ይያዛል። ከዚያ ሣጥኑ ከሶኬት ተነቅሎ እንደገና ይሰካል፤ ከካርድ ክፍል ወደ ላቦራቶሪ፣ ቀጥሎም ወደ ውጭ ይደወላል፣ በሁለቱም ወገን ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ይረጋገጣል። አንዳንድ ሞዴሎች መብራት ሲጠፋ አንዱን ቀፎ በቀጥታ ከቴሌ መስመር ጋር ያገናኛሉ፤ የካርድ ክፍሉ ቀፎ መሰካት ያለበት በዚያ ቀዳዳ ነው።