የመስታወቱ ነው ወይስ የእጃችን?

የፋይበር መስመር ተዘርግቶ ሲያልቅ ኦቲዲአር በሚባለው መሣሪያ እንፈትሸዋለን። መሣሪያው ብርሃን ይልካል፤ በመንገድ ላይ ተበትኖ ወደ ኋላ የሚመለሰውን እየለካም በስክሪኑ ላይ ቁልቁል የሚወርድ መስመር ይስላል። አዳዲስ መሐንዲሶች አብረውኝ ሲወጡ በመጀመሪያ የማስተምራቸው ይህን ሥዕል ማንበብ ነው። ወጥ ሆኖ የሚወርደው ተዳፋት የመስታወቱ የራሱ ነው። ድንገት እንደ ደረጃ የሚሰበረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የእኛ ነው፤ በአልኮል በደንብ ያልጸዳ ጫፍ፣ ቀጥ ብሎ ያልተቆረጠ ፋይበር፣ ከልክ በላይ የታጠፈ ገመድ።

ይህን ባስረዳሁ ቁጥር ፕሮፌሰር ቻርልስ ካኦን አነሣለሁ። ሻንጋይ ተወልደው በእንግሊዝ አገር ኤሌክትሪካል ምህንድስና የተማሩት ካኦ፣ ከጆርጅ ሆካም ጋር በ1966 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን ሲያወጡ፣ በጊዜው የነበረው ፋይበር በአንድ ኪሎ ሜትር 1000 ዴሲቤል ገደማ ያባክን ነበር። መስታወት ለረጅም ርቀት አይሆንም ብሎ መተው ይቻል ነበር። እሳቸው ግን ብክነቱን ከፋፍለው ጠየቁ፦ የትኛው ከመስታወቱ ተፈጥሮ ይመጣል? የትኛውስ በውስጡ ከቀረ ባዕድ ነገር፣ በተለይ ከብረት? ዋናው ችግር የንጽሕና ጉድለት መሆኑን ደረሱበት፤ ብክነቱ ከ20 ዴሲቤል በታች ሊወርድ እንደሚችልም አሰሉ። 20 ዴሲቤል ማለት ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከብርሃኑ 1 በመቶ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ለስልክ መስመር ግን በቂ ነበር።

በ1970 የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች 17 ዴሲቤል ደረሱ። ካኦም በዚያው ዓመት ወደ ሆንግ ኮንግ ቻይኒዝ ዩኒቨርሲቲ ሄደው የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ክፍል አቋቋሙ፤ ኋላም የዩኒቨርሲቲው መሪ ሆኑ። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ2009 ነው። ዛሬ የምንዘረጋው ፋይበር በኪሎ ሜትር የሚያባክነው 0.2 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ያ 1 በመቶ አሁን የሚቀረው ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ እንደማለት።

ከካኦ ሥራ ከሁሉ የማከብረው ያንን ክፍፍል ነው። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡልኝ ወጣቶች የማክስዌልን እኩልታዎች አሳምረው ይፈታሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ፋይበር በእጃቸው ቆርጠው አያውቁም። ኦፕቲክስ የሚያስተምሩ የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው ከመጀመሪያው ቀመር በፊት አንድ የመስመር ሥዕል በተማሪው ፊት እንዲያስቀምጡና ስብራቱ ከምን እንደመጣ ራሱ እንዲፈልግ እንዲተዉት ነው።