በማናጓ ግቢ የተወለደ ቋንቋ

እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ኒካራጓ ውስጥ መስማት የተሳነው ልጅ ብዙውን ጊዜ ያለ ጓደኛ ያድግ ነበር። ሲርበው፣ ሲጠማው፣ ሲያመው ለእናቱ የሚያሳያቸው ጥቂት የእጅ ምልክቶች አሉት። ከደጃፍ ሲወጣ ግን የሚረዳለት የለም። ሁለት ሰፈር አልፎ እንደ እሱ ያለ ልጅ ይኖር ይሆናል፤ አይተዋወቁም።

በ1977 ዋና ከተማዋ ማናጓ ላይ ልዩ ትምህርት ቤት ተከፍቶ 50 ያህል ልጆችን ተቀበለ። ከ1979ኙ የሳንዲኒስታ አብዮት በኋላ የሙያ ማሠልጠኛ ተጨመረ፤ በ1983 የሁለቱ ተማሪዎች ከ400 በለጡ። ክፍል ውስጥ የሚማሩት የስፓኒሽ ቃላትን ከከንፈር ማንበብና በድምፅ ማውጣት ነበር። ከዚያ ትምህርት ለአብዛኞቹ ጠብ ያለላቸው ነገር የለም።

ዕረፍት ሲወጡና በአውቶቡስ ሲመላለሱ ግን እጃቸው ሥራ አይፈታም። አንዱ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ምልክት ለሌላው ያሳያል፤ የተመቸው ይለመዳል፣ ያልተመቸው ይቀራል። አስተማሪ ሳይኖራቸው የጋራ መግባቢያ አበጁ። ስለዚህ ቋንቋውን ትምህርት ቤቱ ሰጣቸው ሲባል አልቀበልም። ትምህርት ቤቱ የሰጣቸው እርስ በርሳቸውን ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የታናናሾቹ ሥራ ነው። ተመራማሪዋ አን ሴንጋስና ባልደረቦቿ የቦውሊንግ ኳስ የዋጠች ድመት ቁልቁል ስትንከባለል የሚያሳይ የካርቱን ፊልም ለታላላቆቹም ለታናናሾቹም አሳዩና እንዲተርኩት ጠየቁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የገቡት ታላላቆች ብዙውን ጊዜ እጃቸውን እያሽከረከሩ በዚያው ወደ ታች ያወርዱታል፤ ልክ ዓይን እንዳየው፣ በአንድ እንቅስቃሴ። በኋላ የገቡት ግን ይነጣጥሉታል፦ መጀመሪያ መንከባለል፣ ቀጥሎ መውረድ። ምልክት እንዲህ ከተነጣጠለ እንደ ቃል ይሆናል፤ ከሌላው ጋር እየተጣመረ አዲስ ነገር ይናገራል። በ2004 የታተመው ይህ ጥናት ልጆች የተቀበሉትን እንዳለ እንደማይደግሙ፣ ሰዋስው እንደሚያበጁለት አሳየ።

መምህራኑ የልጆቹን ወሬ መከተል ቢያቅታቸው የትምህርት ሚኒስቴሩ በ1986 አሜሪካዊቷን የቋንቋ ተመራማሪ ጁዲ ኬግልን ጋበዘ። በእነዚያው ዓመታት ትምህርት የጨረሱት ወጣቶች መበተን አልፈለጉም፤ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በ2009 የአገሪቱ ሕግ ለቋንቋቸው ዕውቅና ሰጠ። ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ወደ ማኅበረሰቡ የመጡት ቋንቋውን እንደ ትንንሾቹ አቀላጥፈው አልያዙትም፤ ማኅበሩ ግን ለእነሱም ቤታቸው ሆነ።