ጨረራ ሲመጣ ዛፍ ወዴት ይሸሻል?

እንደሚታወቀው ስለ ጨረራ አደጋ ሲወራ ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን ሰው ነው። ለረጅም ጊዜ የዘርፉ ሊቃውንትም ከዚህ አልራቁም። ሰው ከተጠበቀ ሌላውም ሕይወት ያለው ነገር አብሮ ይጠበቃል ይሉ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል ሆኖ አልተገኘም።

ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1986) በዚያን ጊዜ የሶቪየት ኅብረት አካል በነበረችው በዩክሬን የቼርኖቢል ኑክሌር ጣቢያ አራተኛው ሪአክተር ፈነዳ። በማግሥቱ የፕሪፕያት ከተማ ነዋሪዎች በአውቶቡስ ተጭነው ወጡ። በጣቢያው አጠገብ የነበረው ደን ግን ወዴት ይሂድ? ዛፍ እግር የለው! የፓይን ዛፎቹ መርፌ መሰል ቅጠላቸው ቀልቶ ደረቁ። ቦታው እስከ ዛሬ «ቀዩ ደን» ይባላል። በርች የሚባለው ዛፍ ግን እዚያው አካባቢ ሆኖ የተሻለ ተቋቁሟል። ለምን ቢሉ፣ የፓይን ሕዋስ አስኳል ትልቅ በመሆኑ ጨረራ በቀላሉ ያገኘዋል። ቅጠሉም የማይረግፍ ስለሆነ አቧራውን ይዞ ያቆያል። እንግዲህ ሰውን ከቦታው ማውጣት ቦታውን ማዳን አይደለም ማለት ነው።

አቧራው መሬት ከደረሰ በኋላስ? አዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ሲዝየም 137 ግን ወደ 30 ዓመት ነው። ይህ ሲዝየም በጠባዩ ፖታሺየምን ስለሚመስል ሥር ፖታሺየም መስሎት ይስበዋል። ከአፈር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት ይሄዳል። በደን ውስጥ ደግሞ ቅጠል ረግፎ ሲበሰብስ ሥርና እንጉዳይ መልሰው ይወስዱታል። እንዲህ እየዞረ ይኖራል።

መከላከያውም ከዚሁ አካሄድ ይነሣል። አንደኛ፣ ከምንጩ እንዳይወጣ መጠበቅ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ሁለተኛ፣ በእርሻ ላይ ጠልቆ ማረስና የፖታሺየም ማዳበሪያ መጨመር ነው፤ ሥሩ ፖታሺየም ሲጠግብ ሲዝየሙን ይተዋል። ለከብት ፕሩሺያን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ዱቄት ሲሰጥ ሲዝየሙን ሆድ ውስጥ ይዞ ከእበት ጋር ያስወጣዋል። ሦስተኛ፣ ደን አይታረስምና ከእሳት መጠበቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በቼርኖቢል ክልል እንደደረሰው ደኑ ሲቃጠል ጭሱ ሲዝየሙን እንደገና ያነሣዋል። አራተኛ፣ ሕይወት ያላቸውን ነገሮች በራሳቸው መለካት ነው። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 አካባቢን በመመሪያው ውስጥ አካተተ። በ2008 ደግሞ ንብ፣ እንቁራሪት፣ የመሬት ትልና ፓይን የሚገኙባቸውን 12 ዓይነት እንስሳትና ዕጽዋት ለመመዘኛ መረጠ።

አንዳንዱ «ሰው ከወጣ በኋላ ተኩላውም አሳማውም እዚያ ተራብቶ የለም ወይ?» ይላል። እውነት ነው። ይህ የሚያሳየው ግን አደንና እርሻ ምን ያህል ይጫኗቸው እንደነበር እንጂ ጨረራ ደግ መሆኑን አይደለም። አነስተኛ ጨረራ ለረጅም ጊዜ በእንስሳቱ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ሊቃውንቱ እስከ አሁን ይከራከራሉ።

ነገ ክፍል ስንገባ የምግብ ሰንሰለትን በጥቁር ሰሌዳ መሳላችን አይቀርም። ታዲያ ያን ጊዜ ቀስቶቹን አስለን ብቻ አንለፍ። አንዲት የሲዝየም ቅንጣት ከአፈር ተነሥታ የት የት እንደምትደርስ ተማሪዎቻችን በጣታቸው ይከተሏት። ሰው ከሰንሰለቱ ውጭ ቆሞ የሚጠበቅ ሳይሆን አንዱ ቀለበት መሆኑን በዚያው ይረዱታል።