ቬትጄት፦ የውጭ አገር ካፒቴኖች በእግሩ ያቆሙት የቬትናም አየር መንገድ

ገንዘብና አበዳሪ ያገኘ አየር መንገድ በአንድ ቀን ፊርማ መቶ አውሮፕላን ማዘዝ ይችላል። ካፒቴን ግን በትእዛዝ አይመጣም። ከበረራ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት በግራ ወንበር ተቀምጦ የመንገደኞችን ሕይወት በኃላፊነት እስኪረከብ ድረስ በረዳት አብራሪነት ለዓመታት መሥራትና በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት መብረር አለበት። በፍጥነት የሚያድጉ የእስያ አየር መንገዶች በር ለውጭ አገር አብራሪዎች የተከፈተው በዚህ የጊዜ ክፍተት ምክንያት ነው። የቬትናሙ ቬትጄት የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። የኩባንያውን ታሪክ የተከታተለ አብራሪ መቼ እንደሚፈለግ፣ መቼ ደግሞ በቃህ እንደሚባል አስቀድሞ ማየት ይችላል።

የኩባንያው አነሣሥ

ቬትጄት የሥራ ፈቃዱን ያገኘው በ2007 ሲሆን የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በ2011 መጨረሻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መሥራቿ ወይዘሮ ንጉየን ቲ ፉኦንግ ታኦ በሶቪየት ኅብረት ዘመን ሞስኮ ተምረው፣ ገና ተማሪ ሳሉ ንግድ የጀመሩ ሴት ናቸው። ኩባንያው በ2017 ወደ አክሲዮን ገበያ ሲገባ ፎርብስ መጽሔት በራሳቸው ጥረት ቢሊየነር የሆኑ የመጀመሪያዋ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሴት አድርጎ መዘገባቸው።

ለዕድገቱ የአገሪቱ አቀማመጥ ራሱ ረድቶታል። ቬትናም ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋች ረጅምና ቀጭን አገር ናት። ከዋና ከተማዋ ከሃኖይ እስከ ደቡቧ የንግድ ማዕከል እስከ ሆቺሚን ከተማ በባቡር ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ቬትጄት ርካሽ ትኬት ይዞ ሲመጣ በዕድሜው አውሮፕላን ረግጦ የማያውቅ ሕዝብ ወደ አየር ማረፊያ ጎረፈ። ዛሬ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መስመር በዓለም ላይ እጅግ ብዙ መንገደኛ ከሚመላለስባቸው የአገር ውስጥ መስመሮች አንዱ ነው።

የአውሮፕላን ትእዛዙም በዚያው ልክ ገዘፈ። በሜይ 2016 ፕሬዚዳንት ኦባማ ሃኖይን ሲጎበኙ ቬትጄት 100 ቦይንግ 737 ማክስ አዘዘ። በፌብሩዋሪ 2019 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከሰሜን ኮሪያው መሪ ጋር ለመነጋገር እዚያው ከተማ በተገኙበት ወቅት ሌላ 100 ጨመረ። ከዚያ ፊርማ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። የእኛ ሐዘን በሆነው በዚያ አደጋ ሳቢያ ማክስ በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ። የቬትጄትም ዕቅድ ለዓመታት ተጓተተ፤ ካዘዛቸው ማክሶች የመጀመሪያውን የተረከበው በ2025 ሲሆን፣ እሱም ለታይላንዱ እኅት ኩባንያው የተመደበ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቬትጄትን ያሳደጉት ኤርባስ ኤ320 እና ኤ321 ናቸው። በኋላም ሰፋፊዎቹ ኤ330 ተጨምረው ኩባንያው እስከ አውስትራሊያ መብረር ጀመረ።

ማን ይቀጠራል?

የቬትናም ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በ2020 እንዳስታወቀው በአገሪቱ ከነበሩት 1,260 አብራሪዎች ግማሽ ያህሉ የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ። የአገር ውስጥ ሥልጠና ከአውሮፕላኑ ቁጥር እኩል አልሮጠም፤ አየር መንገዶቹም አንዱ የሌላውን አብራሪ በደመወዝ እያባበሉ ይነጣጠቁ ነበር።

በብዛት የሚፈለገው ካፒቴን ነው፤ ያውም ኩባንያው በሚጠቀምበት አውሮፕላን ላይ የሠራ። የአየር መንገድ አብራሪነት ሙሉ ፈቃድ፣ በኤ320 ቤተሰብ ላይ የጸና ታይፕ ሬቲንግ (በአውሮፕላን ዓይነት የሚሰጥ የብቃት ማረጋገጫ)፣ በቅርብ ጊዜ የተበረረ ሰዓት፣ አንደኛ ደረጃ የሕክምና ማረጋገጫና ቢያንስ ደረጃ 4 የአቪዬሽን እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል። በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የዕድሜው ጣሪያ 65 ነው። ረዳት አብራሪ ሆኖ ከውጭ መግባት በጣም ይከብዳል፤ ያንን ወንበር የሚጠብቁ ቬትናማውያን ወጣቶች ብዙ ናቸውና።

ቅጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በኤጀንሲ በኩል ነው። ሰነድ ይጣራል፣ በሲሙሌተር ፈተና ይሰጣል፣ ከዚያ የሥራ ፈቃድና የቬትናም ባለሥልጣን የሚሰጠው የፈቃድ ዕውቅና ይከተላል። የራስን አገር የአብራሪነት ፈቃድ መያዝ ብቻውን አያበቃም፤ ቬትናም ተቀብላ ማጽደቅ አለባት። የተቀበለችውን መልሳ መንጠቅም ትችላለች። በጁን 2020 የፓኪስታን የአቪዬሽን ሚኒስትር ከአገራቸው አብራሪዎች ብዙዎቹ አጠራጣሪ ፈቃድ እንደያዙ ሲናገሩ፣ የቬትናም ባለሥልጣን ዕውቅና ሰጥቷቸው የነበሩትን 27 ፓኪስታናውያን አብራሪዎች በሙሉ ከበረራ አገደ። በወቅቱ በሥራ ላይ የነበሩት 12 ሲሆኑ አብዛኞቹ የቬትጄት ነበሩ። ፈቃዳቸው ንጹሕ የነበረውም እስኪጣራ ድረስ መሬት ላይ ዋሉ። በሰው አገር የሚበር ሰው የአገሩን መሥሪያ ቤት ስም ጭምር ተሸክሞ ነው የሚበረው።

ኑሮው

የርካሽ ትኬት አየር መንገድ ሥራ ፈጣን ነው። በአንድ ቀን ሁለት፣ አንዳንዴም አራት አጫጭር በረራ ይሠራል፤ ሰዓቱ ቶሎ ይሞላል፤ ንጋት ላይ መነሣትና እኩለ ሌሊት መመለስ የተለመደ ነው። በሌላ በኩል ብዙው በረራ አብራሪውን እዚያው ወደ ተነሣበት ከተማ ስለሚመልሰው ቤተሰቡን ይዞ ለሄደ ሰው ይስማማል። ቤተሰቡን አገር ቤት ለተወ ደግሞ ለሳምንታት ሠርቶ ለተወሰኑ ቀናት ወደ ቤት መመለስ የሚያስችል የውል ዓይነት አለ።

የአየሩ ጠባይ ትዕግሥትን ይፈትናል። በደቡብ ከሜይ እስከ ኖቬምበር የዝናብ ወራት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ደመና ይቆለላል። መካከለኛውን የባሕር ዳርቻ በመከር ወራት ታይፉን ይመታዋል። የሆቺሚን ከተማው ታን ሶን ንያት አየር ማረፊያ በቤቶች የተከበበና የተጨናነቀ በመሆኑ ለማረፍ በሰማይ እየዞሩ መጠበቅ አዲስ አይደለም። ጫናውን ለማቃለል በ2025 ሦስተኛ ተርሚናል ተከፍቷል፤ ከከተማዋ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ ሎንግ ታን የተባለ ግዙፍ አየር ማረፊያ ተገንብቷል። በቴት፣ ማለትም በጨረቃ አቆጣጠር በሚከበረው አዲስ ዓመት፣ አገሬው ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ስለሚጓዝ አብራሪ በዚያ ሰሞን ዕረፍት አገኛለሁ ብሎ ባይጠብቅ ይሻለዋል።

በሆቺሚን ከተማ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች የሚኖሩት በሳይጎን ወንዝ ዳር ባለው ታኦ ዲየን ሰፈር ነው፤ በሃኖይ ደግሞ በምዕራብ ሐይቅ ዙሪያ። ምግብና መጓጓዣ ርካሽ ነው። ኪስ የሚጎዳው የልጆች ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ክፍያ ስለሆነ፣ ልጆች ያሉት ሰው ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ሳይጠይቅ መፈረም የለበትም። መንገዱን የሞላው የሞተር ብስክሌት ጎርፍ አዲስ መጪን ያስደነግጣል፤ እየቆየ ግን ይለመዳል። ለአበሻ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፤ ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት። የሚበዛው ግን ሮቡስታ ነው፤ ጠንካራና መራራ ሆኖ በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ይጠጣል። የይርጋ ጨፌ ቡና የለመደ ሰው ከቤቱ ይዞ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ውሉን ማንበብ

ክፍያው ብዙውን ጊዜ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ዋስትና ለተሰጠው የበረራ ሰዓት የሚከፈል፣ ሌላው ከዚያ በላይ ለተበረረው። ስለዚህ ሰዓት ሲቀንስ ገቢም ይቀንሳል። ከ2023 ወዲህ የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተሮች ላይ በተገኘ የማምረቻ ጉድለት የቬትናም አየር መንገዶች በርካታ ኤ321ኒዮ አውሮፕላኖቻቸውን ለማቆም ተገድደዋል። አውሮፕላን ሲቆም ደግሞ የአብራሪው ሰዓት አብሮ ይቆማል።

ግብሩም ከደመወዙ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። በዓመት 183 ቀንና ከዚያ በላይ በቬትናም የቆየ ሰው እንደ ነዋሪ ተቆጥሮ ገቢ ሲጨምር እያደገ እስከ 35 በመቶ በሚደርስ ተመን ግብር ይከፍላል። በማስታወቂያ የሚታየው ገንዘብ ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ? ውሉ ሲቋረጥ የስንት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል? የአብራሪው ፈቃድ በሕመም ምክንያት ቢታገድ ኢንሹራንሱን ማን ይገዛል? ሥልጠና ከተሰጠ ለስንት ዓመት ያስገድዳል? ክርክር ቢነሣ በየትኛው አገር ፍርድ ቤት ይታያል? እነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ ካልተመለሱ በቃል ተመልሰዋል ማለት ዋጋ የለውም።

ዕድገትም ዋስትና አይደለም። የዚያው አገር ተፎካካሪው ባምቡ ኤርዌይስ በ2019 መብረር ጀምሮ በጥቂት ዓመታት 30 ገደማ አውሮፕላኖች ደረሰ። በ2022 ሊቀመንበሩ ሲታሰሩ ኩባንያው ተንገዳገደ፤ በ2024 ከአሥር ያነሱ አውሮፕላኖች ብቻ ቀሩት። ሰፋፊዎቹን 787 ለማብረር ከሩቅ አገር የመጡ ካፒቴኖች ሌላ ሥራ ፍለጋ ወጡ።

ለእኛ አብራሪዎች

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2017 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሃኖይ መብረር ስለጀመረ ቬትናም እንደ ቀድሞው ሩቅ አይደለችም። ሆኖም አንድ የሙያ እንቅፋት አለ። የእኛ አየር መንገድ ኤ320ን አይጠቀምም፤ አብራሪዎቹ ልምድ ያካበቱት በ737፣ በ777፣ በ787፣ በኤ350 እና በኪው400 ላይ ነው። እስካሁን ቬትጄት የፈለገው ደግሞ የኤ320 ካፒቴን ነው። ያዘዛቸው ማክሶች በብዛት ሲገቡ ይህ ሚዛን ለ737 አብራሪዎች ሊያደላ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ማንም ሰው ካሠለጠነው ተቋም ጋር የገባውን የአገልግሎት ግዴታ በአግባቡ መፈጸም አለበት፤ የአቪዬሽን ዓለም ጠባብ ስለሆነ ያልተዘጋ ጉዳይ ይዞ የወጣ ሰው የትም ሲያመለክት ያገኘዋል።

ቬትጄት ከኤርባስ ጋር ተባብሮ በሆቺሚን ከተማ ሲሙሌተሮች ያሉት የራሱን አካዳሚ ከከፈተ ዓመታት አልፈዋል። እዚያ የሚሠለጥነው ቬትናማዊ ረዳት አብራሪ ነገ በግራ ወንበር ይቀመጣል። ይህ ትክክልና ተገቢ ነው፤ እኛም የራሳችንን አየር መንገድ በራሳችን ልጆች እንዲበር ያደረግነው በዚሁ መንገድ ነው። የውጭ አገር ካፒቴን እዚያ የሚጠራው ይህ ትውልድ እስኪበስል ያለውን ጊዜ እንዲሞላ ነው። ስለዚህ ወደ ቬትናም ለመሄድ የምታስቡ አብራሪዎች ሥራው እውነተኛ፣ ገቢውም ደኅና መሆኑን ዐውቃችሁ ሂዱ፤ ነገር ግን የውሉን መጨረሻ ቀን ከመጀመሪያው ቀን አስበልጣችሁ አስቡበት፤ ገንዘብ አስቀምጡ፤ የአገራችሁን ፈቃድ ሳታሳድሱ አትቅሩ።